ከጉና ራስ እስከ ፎገራ ሜዳ

(በሬዲዮ ለመሠረተ ትምህርት ተከታታዮች ከተሰጠ ንግግር የተገለበጠ)

በይፋግ፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመንና በፎገራ ሜዳ ዙሪያ ደብተራችሁን ይዛችሁ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ተራራ ነው። ተራራው ጉና ይባላል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፣ «እኛ የሜዳ ሰዎች ነን፤ የሩቅ ተራራ ለእኛ ምናችን ነው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ ሦስት ስሞችን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። አንደኛው ጉና፣ ሁለተኛው ርብ፣ ሦስተኛው ጉማራ። ጉና ተራራ ነው። ርብና ጉማራ ወንዞች ናቸው። ሁለቱም ወንዞች ከጉና ተነስተው፣ በፎገራ ሜዳ አልፈው፣ ጣና ይገባሉ። በክረምት ከቤታችሁ ደጃፍ የሚደርሰው ውሃ፣ በበጋም ሽንኩርታችሁን የምታጠጡበት ውሃ፣ ከዚያ ሩቅ ካላችሁት ተራራ የመጣ ነው። ስለዚህ ጉና የእናንተም ተራራ ነው።

ተራራው የት ነው? ምን ያህልስ ይረዝማል?

ጉና የሚገኘው በደቡብ ጎንደር፣ ከደብረ ታቦር ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ነው። ከወረታ ተነስቶ ደብረ ታቦርን አልፎ ወደ ጋይንት የሚሄድ መንገደኛ ተራራውን ከጎኑ ያየዋል። ፋርጣ፣ እስቴና ላይ ጋይንት የሚባሉት አገሮች በዚህ ተራራ ዙሪያ የተሰለፉ ናቸው።

የጉና ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። የፎገራ ሜዳ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ሒሳብ የምትማሩ፣ እስቲ 1,800ን ከ4,100 ላይ ቀንሱ። 2,300 ይመጣል። እንግዲህ አንዲት የዝናብ ጠብታ ከጉና ራስ ተነስታ ይፋግና ወረታ መካከል እስክትደርስ ድረስ ወደ ታች ከ2,300 ሜትር በላይ ትወርዳለች ማለት ነው። ይህን ቁጥር አትርሱት፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ጉና ድሮ እሳተ ገሞራ ነበር። ሊቃውንት እንደሚሉት ከ10 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ ቀልጦ የወጣው ዓለት ተደራርቦ ተራራውን ሠራው። ዛሬ እሳቱ ጠፍቷል። የቀረው ዓለቱና ከዓለቱ የተፈጠረው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር ልል ነው። ውሃ ሲያገኝ ይጠጣል፤ የጠጣውንም ቶሎ አይለቅም።

ላይ ለምን ይበርዳል?

ብዙ ሰው፣ «ተራራ ለፀሐይ ይቀርባል፤ ታዲያ ለምን ይበርዳል?» ብሎ ይጠይቃል። ምክንያቱ አየሩ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። የሳሳ አየር ሙቀት አይዝም፤ ልክ ስስ ጋቢ ለብሶ እንደማደር ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በመሆኑም የጉና ራስ ከፎገራ ሜዳ ይልቅ 14 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል።

አየሩ መሳሳቱ በሌላም ነገር ይታወቃል። ከባሕር ዳርቻ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ፎገራ ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ፣ ጉና ራስ ላይ ደግሞ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ላይ ያለች እናት ድስቷ ቶሎ ይንተከተክላታል፤ ባቄላዋ ግን ቶሎ አይበስልላትም። የምታነደውም እንጨት ይበዛል። ይህ ለጫካው ምን ማለት እንደሆነ ራሳችሁ መገመት ትችላላችሁ።

አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ሲከፍሉ ከደጋም በላይ ያለውን ውርጭ ብለውታል። ስሙ ራሱ ይናገራል። ቀን ፀሐዩ ፊት ያቃጥላል፤ ሌሊት መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው መሬት አብዛኛው የሚገኘው በአገራችን በኢትዮጵያ ነው። ስለዚህ የውርጭ አገር ጉዳይ ከማንም ይልቅ የእኛ ጉዳይ ነው።

ጅብራ፣ ጓሳና አስታ

በዚህ ብርድ ውስጥ የሚበቅል ዕፅዋት ሁሉ የራሱ ዘዴ አለው። አንደኛው ጅብራ ነው። ጅብራ ቅጠሎቹ እንደ ትልቅ ጽጌረዳ የተደረደሩ ናቸው። ሲመሽ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ እምቡጡን ከውርጭ ይሸፍናል፤ ሲነጋ መልሶ ይከፍታል። ብዙ ዓመት ሳያብብ ይቆያል። ከዚያም ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ አንድ ጊዜ ብቻ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። እንግዲህ ጅብራን ሳያብብ የቆረጠ ሰው ዛፉን ብቻ ሳይሆን ዘሩንም አብሮ ቆረጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጓሳ ነው። ጓሳ ሣር ነው፤ ነገር ግን እንደ ሜዳው ሣር አይደለም። እየተቋጠረ፣ ጉብ ጉብ እያለ ይበቅላል። ለቤት ክዳን ይሆናል፤ ገመድም ይገመድበታል። ሦስተኛው አስታ ነው። አስታ ቅጠሉ ደቃቅ የሆነ የደጋ ዛፍ ነው፤ ለማገዶ ስለሚመች ምሳር ይበዛበታል።

እነዚህ ዕፅዋት ለውሃው ምን ያደርጋሉ? ደመና ከጉና ጋር ሲጋጠም ወደ ላይ ይገፋል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል። ዝናቡ በመጀመሪያ የሚያርፈው በጓሳውና በአስታው ላይ እንጂ በባዶ አፈር ላይ አይደለም። ጉልበቱ ይበርዳል። ከዚያ በሣሩ ሥር እየሾለከ ወደ ልሉ ጥቁር አፈር ይሰርጋል። አፈሩ ውሃውን እንደ እንስራ ይዞ ያቆየዋል። ክረምቱ ካለፈ በኋላም ቀስ እያለ በምንጮች በኩል ይለቀዋል። በጥርና በየካቲት፣ አንድም ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር፣ ርብ ውስጥ ውሃ የምታዩት ከዚህ እንስራ ስለሚቀዳ ነው።

ተራራው ሲራቆትስ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ጓሳው ታጭዶ፣ አስታው ተቆርጦ፣ መሬቱ ታርሶ ገብስና ድንች ሲዘራበት እንስራው ይሰነጠቃል። የዝናቡ ጠብታ ባዶ አፈር ይመታል። አፈሩ ይደቅቃል፤ ድቃቂው ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ውሃው መስረግ ያቅተዋል። መስረግ ያቃተው ውሃ ምን ያደርጋል? ይሮጣል። ቅድም የቀነስነውን 2,300 አስታውሱ። ይህን ያህል ቁልቁለት የሚሮጥ ውሃ ጉልበቱ ብርቱ ነው፤ አፈሩን፣ ጠጠሩን፣ ትልልቁንም ድንጋይ ይዞ ይወርዳል።

ውሃው ከሜዳው ሲደርስ ግን ቁልቁለቱ ያልቃል። ሲያልቅ ውሃው ይደክማል። የደከመ ውሃ ሸክሙን ይጥላል። መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ በመጨረሻ ደቃቁን ደለል። ደለሉ በወንዙ ወለል ላይ በየዓመቱ ይነባበራል። ወለሉ ከፍ ሲል ወንዙ ጥልቀት ያጣል፤ ጥልቀት ሲያጣ ከዳርና ዳር ሞልቶ ይፈስሳል። የታችኛው ርብ እንደዚህ ሆኗል። ወለሉ ከዘመን ዘመን ከፍ እያለ መጥቷል።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቀለቁ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ሰብልና ከብት ተጎዳ። በእርግጥ ያን ዓመት ዝናቡ ብርቱ ነበር፤ የጣናም ውሃ ከፍ ብሎ ነበር። ጥፋቱ ሁሉ ከተራራው መራቆት ብቻ መጣ ማለት አይቻልም። ነገር ግን የተራቆተ ተራራና የተደፈነ ወንዝ ብርቱን ዝናብ የባሰ ጥፋት ያደርጉታል።

እዚህ ላይ አንድ እውነት እንዳይዘነጋ። ደለል ሁሉ ጠላት አይደለም። የፎገራ ጥቁር አፈር ራሱ ለብዙ ሺህ ዓመታት ከተራራ እየወረደ የተነጠፈ ነው። ሩዙ የሚያምርበት፣ ውሃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት አፈር የጉና ስጦታ ነው። ስጦታው መልካም የነበረው ግን በልኩ ስለመጣ ነው። ዛሬ ከልኩ አልፏል።

ጉዳቱ በክረምት ብቻ አይቀርም። ተራራው ውሃውን በክረምት በአንድ ጊዜ ከለቀቀው በበጋ የሚለቀው ያጣል። ያን ጊዜ ሽንኩርት የተከለው፣ ቲማቲም የተከለው ሁሉ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ይዞ ከወንዙ ዳር ይሰለፋል። ከላይ ያለው ሲስብ ከታች ላለው ይደርቃል፤ ጠብ ይነሣል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

«ግድብ ተሠርቶልን የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል። ሥራው የተጀመረው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ ግድቡ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የታቀደ ነው። ጎርፍ ያበርዳል፤ ለመስኖም ይሆናል። ነገር ግን ግድብ ማለት ውሃ የሚቆምበት ቦታ ነው፤ ውሃ የቆመበት ቦታ ደግሞ ደለል ይጥላል። ከላይ የሚመጣው አፈር ካልቀነሰ ግድቡ ዕድሜው ያጥራል። ጉማራስ? የርብ ግድብ ጉማራን አይዘውም። ስለዚህ ግድቡም ቢሆን ተራራውን ተማጥኖ ነው የሚኖረው።

ጥፋተኛው ማነው?

ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ «እንግዲያው ጥፋተኛው ተራራውን የሚያርሰው ገበሬ ነው» የሚል አይጠፋም። ወገኖቼ፣ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የሰውየውን ኑሮ እንመልከት። ጉና ላይ ያለው ገበሬ ሩዝ አያመርትም፤ ጤፍም አይበቅልለትም። ያለው ገብስ፣ ድንችና በግ ነው። ልጆቹ ሲያድጉ መሬቱ ይከፋፈላል። የጠበበው ሰው ወደ ላይ ያርሳል፤ ከላይ ሌላ አገር የለምና። እሱ ጓሳውን ሲያርስ የሚያየው የልጆቹን እራት እንጂ የእኛን ጎርፍ አይደለም።

እንግዲህ «አትረስ» ብለን ብንነግረው እሱ ይራባል፤ እኛ ከጎርፍ እንድናለን። ይህ ሚዛን የጎደለው ነገር ነው። ተራራውን የመጠበቁ ድካም የእሱ፣ ጥቅሙ ደግሞ የእኛ ከሆነ ጥበቃው አይዘልቅም። ነገሩ የሚጠናው ድካሙም ጥቅሙም የጋራ ሲሆን ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ጉና ዛሬ በአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብለው ከተከለሉት ተራሮች አንዱ ነው። ጥብቅ ሥፍራ ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ሌሎች ተራሮችን እንይ።

የመጀመሪያው ስሜን ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። የኢትዮጵያ ትልቁ ተራራ ራስ ደጀን፣ 4,550 ሜትር፣ ያለው እዚያ ነው። ፓርኩ መጀመሪያ ሲከለል ራስ ደጀን ከወሰኑ ውጪ ነበር፤ በኋላ ፓርኩ ሲሰፋ ወደ ውስጥ ገባ። ከስሜን በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ዋልያ፣ በመላ አገሪቱ ለአካለ መጠን የደረሱት 500 እንኳ የማይሞሉት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ እዚያ ይኖራሉ። ይሁን እንጂ እርሻውና ግጦሹ ስለ በዛ፣ ዋልያውም ስለ ተመናመነ፣ ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚህ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ለመውጣቱ ከረዱት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ወደ ደባርቅ መዛወሩ ነው። ልብ በሉ፤ ተራራው ሲድን ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች ቀያቸውን ለቀዋል። የተራራ ጥበቃ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ሰው ነው።

ሁለተኛው የመንዝ ጓሳ ነው። ይህ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ፣ ስሙን ከጓሳ ሣር ያገኘ ደጋ ነው። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳቸውን በራሳቸው ሕግ ይጠብቁ ነበር። መሪ ይመርጣሉ። ቦታውን ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጉታል። በዚያ ጊዜ ማንም አያጭድም፤ ከብትም አይገባም። ሲከፈት ሁሉም በአንድ ቀን ገብቶ ድርሻውን ያጭዳል። ሕግ የጣሰ ይቀጣል። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ፈረሰ። በኋላ ግን ሕዝቡ ኮሚቴ አቁሞ ጥበቃውን መለሰ፤ የክልሉም መንግሥት ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ አወቀለት። የመንዝ ጓሳ እስከ ዛሬ የኖረው ሰው ስለራቀው አይደለም። ሰው ስለሚጠቀምበት ነው፤ የሚጠቀመው ሰው ራሱ ስለሚጠብቀው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከሁለቱ ተራሮች የምንማረው ይህ ነው። አዋጅ ያስፈልጋል፤ አዋጅ ብቻውን ግን ጓሳ አያበቅልም። የጉና ሰው ሣሩን በተራ እያጨደ ለከብቱ ቢመግብ፣ በጉን ለቆ ከማሰማራት ይልቅ አስሮ ቢቀልብ፣ እርሻውን በእርከን ቢይዝ፣ ለማገዶው በጓሮው ዛፍ ቢተክል፣ ተራራው ይተነፍሳል። ይህን ለማድረግ ግን አቅም ይፈልጋል።

የሜዳው ሰው የሚያዋጣው አለው። የሩዝ ገለባ ከእናንተ ዘንድ ብዙ ነው፤ ላይ ያለው ሰው ደግሞ መኖ ይቸግረዋል። የድንች ዘርና የደጋ በግ ከእሱ ዘንድ ጥሩ ነው። ገበያ ሁለቱን ያገናኛል። ከዚህም በላይ ስለ ርብና ስለ ጉማራ ሲመከር የፋርጣውና የእስቴው ገበሬ ከፎገራውና ከሊቦ ከምከሙ ገበሬ ጋር በአንድ ሸንጎ መቀመጥ አለበት። አንድ ወንዝ እየጠጡ በተለያየ ሸንጎ መምከር አይጠቅምም። በየሠፈራችሁም የወንዙን ዳር እስከ አፋፉ አትረሱ፤ ዳሩን ሣርና ዛፍ ይያዘው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ነገሩን በዓይናችሁ ለማየት የምትሹ ይህን ሞክሩ። አንድ አሮጌ ጀሪካን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቁ። ሁለት ገንዳ ይሆናል። በአንደኛው ባዶ አፈር ሙሉ። በሁለተኛው ከነሥሩ የተነቀለ ሣር ከነአፈሩ አድርጉ። ሁለቱንም ዘንበል አድርጋችሁ አስቀምጡና ከታች ጣሳ ደቅኑ። ከዚያ እኩል ውሃ ከላይ አፍስሱ። የትኛው ጣሳ ቶሎ እንደሚሞላ፣ የትኛው ውሃ እንደሚደፈርስ፣ የትኛው ገንዳ ቆይቶም ጠብ ጠብ እንደሚል ተመልከቱ። ያያችሁት የጉና ታሪክ ነው።

ለውይይት

በየጣቢያችሁ ከመበተናችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. በቀበሌያችሁ ያሉ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። በልጅነታቸው ርብ ወይም ጉማራ ምን ያህል ጥልቅ ነበር? ዛሬስ?

2. አንድ የጉና ገበሬ «ጓሳውን ካላረስኩ ምን ልብላ?» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? «አትረስ» ማለት ብቻ መልስ አይሆንም።

3. የሜዳው ሰው ለተራራው ጥበቃ በዓይነት፣ በጉልበት ወይም በገበያ ምን ሊያዋጣ ይችላል?

አሁን መጀመሪያ ወደ ጻፋችኋቸው ሦስት ስሞች ተመለሱ። ጉናን ከገጹ ላይ፣ ርብንና ጉማራን ከሥሩ አድርጋችሁ እንደገና ጻፏቸው። ከጉና ወደ ሁለቱ ወንዞች መስመር ሳቡ። ከመስመሮቹ ጫፍ ላይ የራሳችሁን ቀበሌ ስም ጻፉ። ስማችሁን መጻፍ እንደቻላችሁ ሁሉ ውሃችሁ ከየት እንደሚመጣም መጻፍ ቻላችሁ ማለት ነው።